አቦይ ሳልህ የተሳሳቱበት ሻንጣ

ልጅ ሳለሁ የማንኛውም ዕቃ ክብደት በሁለት ጣት የሚታወቅ ይመስለኝ ነበር፤ ሚዛን የሚባለው ነገር ጣታቸው ለማይሠራ ሰዎች የተፈጠረ ነው ብዬ አምን ነበር። እንዲህ እንዳምን ያደረጉኝ አቦይ ሳልህ ናቸው። ጀርመን አገር፣ ዞሰንሃይም በሚባለው ሰፈራችን ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ ከእኛ አንድ ፎቅ ዝቅ ብለው ብቻቸውን የሚኖሩ ኤርትራዊ ሽማግሌ ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው አግብተው በየከተማው ተበትነዋል። አስመራ በአማርኛ ስለተማሩ አማርኛቸው ከእናቴ አማርኛ ይልቅ የመጽሐፍ ነበር፤ ሲራሩ ብቻ ትግርኛው ያመልጣቸውና «ጓለይ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ማለት ነው፣ ሻንጣ ሲጭኑና ሲያወርዱ ኖረው፣ ወገባቸውን እዚያው ጥለው ነው የመጡት።

የሰፈሩ ሐበሻ አገር ቤት ሊሄድ ሲል ሻንጣውን የሚያስመዝነው በእሳቸው ነበር። የሐበሻ ሻንጣ መቼም የታወቀ ነው፤ የባለቤቱ ዕቃ ሩቡን ቢሞላ ነው፣ የቀረው የሰው መልእክት ነው፤ የእገሌ እናት መድኃኒት፣ የእገሊት እህት የሠርግ ጫማ፣ ለማን እንደሆነ የተረሳ ሽቶ። አቦይ ሳልህ ይጠሩና ይመጣሉ። ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ፣ ሁለት ጣታቸውን እጀታው ሥር ያስገባሉ፣ ሻንጣውን ከወለሉ ትንሽ ከፍ ያደርጉትና ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። «ሃያ አራት ከግማሽ። አንድ ኪሎ ተኩል ቀንሱ» ይላሉ፤ አውሮፕላኑ የሚፈቅደው ሃያ ሦስት ነው። ፍሉግሃፈን ሲደርስ ሚዛኑ ያንኑ ይላል። ሻንጣ ግን አይከፍቱም፤ የሚወጣውን ባለቤቱ ይምረጥ፣ እኔ የሰው ገበና አላይም ባይ ነበሩ።

እናቴም እዚያው ፍሉግሃፈን የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ሽፔትሺሽት የሆነች ሳምንት፣ ከሰዓት ገብታ ማታ የምትወጣበት ሳምንት ማለት ነው፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ አቦይ ሳልህ ቤት እቆያለሁ። አባቴ ሌላ ከተማ ሌላ ቤት ነበረው፤ ከዚህ በላይ ስለ እሱ የምለው የለኝም።

በብርዱ ወራት አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ይጨልማል። አቦይ ሳልህ የጣሪያውን መብራት አይወዱትም፤ «የሥራ ቦታ መብራት ነው» ይሉታል። ጠረጴዛው ላይ ትንሽ መብራት ያበሩና ከጎኑ ሻማ ይለኩሳሉ፤ ሃይሱንጉ፣ የቤቱ ማሞቂያ፣ ግድግዳው ላይ ይንቋቋል፣ የሻሂው ብርጭቆ ይጨሳል፣ ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ ስሚ» ይላሉ። ተረታቸው ጅብም ቀበሮም አልነበረበትም። ሰዎቹ ሁሉ ዕቃዎች ናቸው። ዕድሜ ልኩን ዕቃ ሲሸከም የኖረ ሰው ምን ይተርት?

ከሁሉም የማልረሳው የሦስቱን ወንድማማቾች ነው። ድንጋይ፣ ውሃና ነፋስ መንገድ ሲሄዱ መሽቶባቸው የአንዲት ባልቴት በር ያንኳኳሉ። ድንጋይ ቀድሞ ገባ። እስቲ ጠጋ በል፣ እስቲ ሰብሰብ በል ብትለው ወይ ፍንክች፤ እንደመጣ ቁጭ አለ። ቀጥሎ ውሃ ገባና «የት ልተኛ?» አላት። ማሰሮ ውስጥ ብታስተኛው ማሰሮ መሰለ፣ ገበቴ ውስጥ ብታስተኛው ገበቴ መሰለ፤ ግን አልበዛም፣ አላነሰም። ባልቴቷ ወደ በሩ ዞራ «ሦስተኛው ወንድማችሁስ ብርድ ላይ ሊያድር ነው?» ስትል፣ ከጣሪያው፣ ከአልጋው ሥር፣ ከባዶው እንስራ አፍ «እኔማ ቀድሜ ገብቻለሁ» የሚል ድምፅ መጣ። ጠዋት ድንጋይን አንከባላ አስወጣችው፣ ውሃንም ደጅ ደፋችው፤ ነፋስ ግን በአንዱ መስኮት ሲወጣ በሌላው እየገባ እስከ ዛሬ እዚያው ቤት ነው።

«ኡንድ አይስ?» እላቸዋለሁ በጀርመንኛ፤ በረዶስ ማለቴ ነው። ያኔ በአማርኛ ተጠይቄ በጀርመንኛ የምመልስ ልጅ ነበርኩ። እሳቸውም ቅር ሳይላቸው «እሱማ ውሃ ነው፤ ሲበርደው ወንድሙን ድንጋይን ይመስላል» ይሉኛል። ነፋስ የታለ ስላቸው ደግሞ ባዶ ብርጭቆ ሻማው ላይ ይደፋሉ። ነበልባሉ ያንሳል፣ ያንሳልና ይጠፋል፤ ብርጭቆውን ሲያነሡት ነጭ ጭስ ወጥቶ አፍንጫችን ውስጥ ይገባል። «ሻማው የነፋስን ጉልበት በልቶ ጨረሰ፣ ሌላ ነፋስ አልደረሰለት» ይላሉ። ከዚያ ሻማውን እንደገና ይለኩሱታል፤ እኔም እንደገና ድፉበት እላለሁ።

ክብደትን ያስተማሩኝ ግን በተረት አልነበረም። አንድ ኪሎ ስኳር በግራ እጄ ያስይዙኝና በቀኜ ትራሳቸውን ያስታቅፉኛል፤ ቀጥሎ የልብስ መተኮሻቸውን። «ዓይንሽን አትስሚው» ይሉኛል። «ዓይን ትልቁን ሁሉ ከባድ ያደርገዋል። እጅሽን ጠይቂው።» በዓመቱ መጨረሻ የሻንጣ ክብደት በኪሎ እንኳን አልሳሳትም ነበር። በሁለት ጣት ሳይሆን በሁለት እጄ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ ፊቴ እስኪቀላ ነው የማነሣው፤ ግን አልሳሳትም። ሦስተኛ ክፍል ስገባ አስተማሪያችን ይህንኑ ነገር ጀመረች፤ ጠጣር፣ ፈሳሽ፣ ጋዝ። ብርጭቆ አንሥታ ባዶ ነው ወይ ብላ ስትጠይቅ ክፍሉ በሙሉ «ያ!» አለ፤ አዎ ማለት ነው። እኔ ብቻ እጄን አውጥቼ ውስጡ ሰው አለ አልኩ። ተሳቀብኝ። እሷ ግን አልሳቀችም፣ ትንሽ አሰበችና ማነው አለችኝ፤ ስነግራት ጊዜ ተረቱን ለክፍሉ አስተረከችኝ።

ያን ዓመት እናቴ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ አገር ቤት ልትሄድ ሆነ። ፓስ አገኘች፣ የሦስት ሳምንት ኡርላውብ፣ የዓመት ዕረፍቷ፣ ተፈቀደላት፣ ትኬት ቆረጠች። የምትሄደው እናቷን ልታይ ነው። እናቷን እቴቴ ነበር የምንላት፤ እኔ በስልክ ብቻ ነው የማውቃት፣ «አንቺ ጉድ፣ አደግሽ?» የምትል ሻካራ ድምፅ ነበረች። ስኳር በሽታ እግሯን አሳብጦት ስለነበር እናቴ ሱቅ ለሱቅ ዞራ ሰፊና ለስላሳ የቤት ጫማ ገዛችላት። ስኳሯን የምትለካበት የወረቀት ቁራጭ በካርቶን፣ ወፍራም የመታጠቢያ ካባም ጨመረች። ሌላው ሻምፖ፣ ቸኮላት፣ የሕፃን ወተትና ሰው የላከው ነው። በረራዋ እሑድ ማታ ነበር።

አርብ ምሽት አቦይ ሳልህ ተጠርተው መጡ። ሌላ ጊዜ በር ላይ ሆነው «የት አለ ያ ምስኪን ሻንጣ» እያሉ ነው የሚገቡት፤ ያን ቀን ዝም ብለው ገቡ። ሁለት ጣታቸውን ሰደው አነሡት። ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ቶሎ አልገለጡትም።

«ሃያ ስድስት» አሉ።

«እንዴ! አቦይ፣ በምኑ?» አለች እናቴ። «አሁን እዚህ ውስጥ ምን አለና!»

እሳቸውም ተንበርክከው ሻንጣውን ከፈቱት። እጃቸው የሰው ሻንጣ ሲከፍት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ጫማውን አወጡ፣ ካርቶኑን አወጡ፣ ካባውን አወጡ፣ ዘጉትና «አሁን ደህና ነው» አሉ። እናቴ ትንሽ አኮረፈች፤ ግን አቦይ ሳልህ ያሉት ያሉት ነው፣ «በሌላ ሰው እልክላታለሁ» ብላ ዕቃዎቹን ሶፋው ላይ አኖረቻቸው። ሻሂ እንኳን ሳይጠጡ ወጡ።

እኔ ያን ሻንጣ ከሰዓት በኋላ አንሥቼው ነበር። ሃያ ሁለት ነው። ደግሞ ቢከብድስ፣ የሚወጣው ሻምፖው ነበር እንጂ ካባውና ካርቶኑ ምን ክብደት አላቸው? ካርቶኑን በአንድ ጣት ማንሣት ይቻላል። ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ሻሂ ሳይጠጡ መሄዳቸው ቆጭቷት በሳህን ምግብ ሸፍና ውሰጅላቸው ስትለኝ ይዤ ወረድኩ።

በሩን ከፍተው ሳህኑን ተቀበሉኝ። ጠረጴዛው ላይ የተለመደው ትንሽ መብራት በርቷል፣ ሻማው አልተለኮሰም።

«አቦይ፣ ሻንጣው ሃያ ስድስት አይደለም» አልኳቸው።

«ነው።»

«ሃያ ሁለት ነው። አንሥቼዋለሁ። ደግሞ ያወጡት ሁሉ ቀላል ነው። ያወጡት ሁሉ የእቴቴ ነው።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። መዳፋቸውን አዩ። «ኣየ ጓለይ» አሉ። «እኔው አስተምሬሽ።» ከዚያ በአማርኛ፣ እንደሚያነብ ሰው ቀስ ብለው ነገሩኝ። አያትሽ ረቡዕ ዕለት አርፋለች፤ አጎትሽ ደውሎ የነገረው ለእኔ ነው፤ እናትሽ ነገ ሥራ ስላለባት እሑድ ማለዳ ሰው ተሰብስቦ ሊነግራት ተማክረናል፤ ብቻዋን ሰምታ ብቻዋን እንዳትወድቅ ነው። ጫማውን ያወጣሁት እዚያ ሄዳ ሻንጣውን ስትከፍት እንዳታየው ብዬ ነው አሉኝ። «ልክ አልሠራሁም፤ እጄ አላስቀምጥ አለኝ።»

ማልቀስ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ፊቴን ለልቅሶ አዘጋጀሁት፤ ምንም አልመጣም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበረኝ።

«ሰው ሲሞት ይቀላል?»

«አይቀልም» አሉ። «ብዙ የሬሳ ሳጥን አውሮፕላን ላይ ጭኛለሁ። አይቀልም፣ አይከብድም። ያው ነው።»

ለእናትሽ ምንም እንዳትዪ አሉኝ፣ እሺ አልኳቸው፣ ደረጃውን ወጣሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። እናቴ ወጥ ቤት ሆና ምን አሉሽ ስትለኝ ምንም አልኳት። እውነቴን ነው፣ የተሰማኝ ነገር ምንም ነበር። እጄ ክረምት ጓንት ረስቼ ስወጣ እንደሚሆነው ሆኖ ነበር፤ የራሴ ይሁን የሌላ ሰው አላውቀውም።

ቅዳሜ እናቴ ከፍሩሺሽት፣ ከጠዋቱ ፈረቃዋ፣ ስትመለስ እየዘፈነች ገባች። ፀጉሯን ሒና ተቀባች፣ በላስቲክ ጠቀለለችው፣ ቀይ ጠብታ በጆሮዋ ሥር እየወረደ የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን ጎትታ ሻንጣውን ጫነችበት። ቁጥሩን ስታይ ሳቋን ለቀቀችው።

«ኧረ የሰው ያለህ! አቦይ ሳልህ አረጁ! አሁን ይሄ ነው ሃያ ስድስት? አንቺ፣ ነይ እዪ፣ ሃያ አይሞላም እኮ! ስንት ዓመት የመዘኑ ሰውዬ!»

ጫማውን መለሰችው። ካርቶኑን መለሰችው። ካባውን አጥፋ ከላይ አደረገችና አልዘጋ ሲላት «ውጪበት» አለችኝ፤ ወጥቼ ተቀመጥኩበት። እሷ ዚፑን እየጎተተች፣ እኔ ከላይ ሆኜ እየተጫንኩ፣ እቴቴ ጫማውን ስታይ ምን እንደምትል በድምፅዋ አስመስላ ታሳየኛለች። «አንቺ ጉድ፣ ይሄ የሽማግሌ ጫማ ነው እንዴ ያመጣሽልኝ!» እያለች። ሳቅኩላት። ያን ጊዜ ልነግራት እችል ነበር፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። አፌን ሁለት ጊዜ ከፍቻለሁ። አንዴ የተናገርኩት ቀበቶውም ይታሰር ወይ የሚል ነው፣ ሁለተኛውን አላስታውስም።

እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ገና ሳይነጋ፣ ደረጃው ላይ የብዙ ሰው እግር ተሰማ። ቀስ ብለው ሊወጡ የሚሞክሩ ሰዎች ኮቴ ከሩጫ ይልቅ ይሰማል። እናቴ ላስቲኩን ከራሷ እየፈታች በሩን ከፈተችው። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ አቦይ ሳልህ ከኋላ፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመዋል። አንዷ ሴት «ግቢ፣ ተቀመጪ» አለቻት። በገዛ ቤቷ ግቢ ተባለች። እናቴ አንድ በአንድ ፊታቸውን አየችና «እናቴ ናት» አለች፤ ሊነግሯት የመጡትን እሷ ነገረቻቸው። ከዚያ ጩኸቱ መጣ። ሴቶቹ ይዘዋት ወለሉ ላይ አብረው ወረዱ፤ እኔን የምታየኝ ከዚያ ነበር። በመሐል ድንገት ዝም አለች። እግሬን አየችው።

«ጫማሽን አድርገሻል» አለችኝ።

አድርጌ ነበር። ከአልጋዬ የተነሣሁት አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ ጥቁር ሱሪዬን ለብሼ፣ ማሰሪያዬን አስሬ፣ ሶፋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር የጠበቅኳቸው። እናቴ ወደ ሴቶቹ ዞራ ማልቀሷን ቀጠለች።

ማታ በዚያው ትኬት፣ በዚያው ሻንጣ ሄደች። ሦስቱን ሳምንት አቦይ ሳልህ ቤት ነበርኩ። ያበስላሉ፣ እንበላለን፣ ሬዲዮ እንሰማለን፤ ተረት አልነበረም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ማክሰኞ ትምህርት ቤት የቁስ አካል ፈተና ሆነ። ሸክላ ጭቃው ኳስ ሲሆንም እባብ ሲሆንም ክብደቱ ለምን አይለወጥም የሚል ጥያቄ ነበረበት። ሁሉንም በትክክል ሠርቼ አንድ አገኘሁ፤ ጀርመን አገር ከፍተኛው ውጤት አንድ ነው። አስተማሪዬ ደስ አላለሽም ወይ አለችኝ። ብሎኛል አልኳት።

እናቴ ስትመለስ ፍሉግሃፈን ሄደን ተቀበልናት፤ ከስታለች፣ ጠቁራለች። ባቡሩ ውስጥ አቦይ ሳልህ ሻንጣውን ይዘው ራቅ ብለው ቆሙ። እሷ በመስኮት ወደ ውጭ እያየች «ለምን አልነገርሽኝም?» አለችኝ። «አንድ ቀን ሙሉ ስስቅ አየሽኝ። በላዩ ላይ አስቀመጥኩሽ፤ ተቀመጥሽ።» ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ለዓመታት አልተነጋገርንም። ለአቦይ ሳልህም ሰላምታዋን አልነፈገቻቸውም፣ በዒዳቸውም ሳህን ትልክላቸዋለች፤ ሻንጣ ግን ዳግመኛ አላስመዘነቻቸውም። እኔ በልቤ ማልኩ፤ እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ቢደርሰኝ እዚያው በቆምኩበት እናገራለሁ ብዬ።

አቦይ ሳልህ የሞቱት እኔ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ሐኪም ቤት ሲመላለሱ ቴርሚናቸውን፣ ቀጠሯቸውን ማለት ነው፣ የምይዝላቸውም የማስተረጉምላቸውም እኔ ስለነበርኩ ስልኩ የተደወለው ለእኔ ነበር። ከትምህርት ቤት እየመጣሁ ነው የሰማሁት፤ ደረጃውን ሳልቆም ወጣሁ። እናቴ ከሥራ ገብታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ ምሳዋን ልትበላ ገና መቅረቧ ነበር። የመጀመሪያውን ጉርሻ አፏ ጋ አድርሳዋለች። ቦርሳዬን ሳላወርድ «እማዬ፣ አቦይ ሳልህ አረፉ» አልኳት።

ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰችው። እጇን በሶፍት ጠረገች፣ አንድ በአንድ ጣቷን። እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። ከዚያ ቀና አለች።

«ምሳዬን እስክጨርስ ብትጠብቂኝ ምን ነበረበት?»

«ያኔ ስጠብቅ ተቆጣሽኝ» አልኳት።

«ያኔም ልክ ነበርኩ፣ አሁንም ልክ ነኝ» አለችና ሳህኑን ገፋችው። ከዚያ ነጠላዋን ፍለጋ ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ከተረቶቹ አብዛኛውን ረስቻለሁ፤ የቀረኝ አንድ ልማድ ነው። ክፉ ወሬ ይዤ ወደ ሰው ስሄድ ቀድሜ በልተሃል፣ በልተሻል ብዬ እጠይቃለሁ። አልበላሁም ካለኝ እጠብቃለሁ፣ አንዳንዴም አብሬው እበላለሁ። ጓደኞቼ ደርሰውበት፣ ምሳ በላችሁ ወይ ስላቸው ማን ሞተ ይሉኛል፤ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። ያን አርብ ምሽት ግን ሳህኑን ይዤ ስወርድ በልተሽ እንደሁ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም። አልበላሁም ነበር።